ከሸንኮራ አገዳ ስኳሩ ከወጣ በኋላ

ስለ ሸንኮራ አገዳ ሲነሣ በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በገበያ ቀን ልጆች እየላጡ የሚመጡት አገዳና በሻይ ብርጭቆ ውስጥ የሚሟሟው ነጭ ስኳር ነው። ልጁ ጣፋጩን መጥጦ ምጣጩን ይጥላል፤ ፋብሪካውም ስኳሩን አውጥቶ የቀረውን እንደ ተራ ተረፈ ምርት ይቆጥረዋል። ዳሩ ግን በዛሬው ዘመን በሌላው ዓለም ያሉ ሕዝቦች ከዚሁ አገዳ ለውሃ መቅጃ የሚሆን ፕላስቲክ፣ በቆዳ ፋብሪካ የሚያገለግል አሲድ፣ ለብረት ማቅለጫ የሚፈለግ ሙጫ እያወጡ ይሸጣሉ። እኛም በዛሬው ጽሑፋችን የምንመረምረው፣ ይህ ሥራ ለአገራችን፣ ይልቁንም ለወለጋ፣ ይበጃል ወይስ አይበጅም የሚለውን ጥያቄ ነው። አንባቢ እንዳይሳሳት የአገራችንን ዘመን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የውጭውን ግን በኤውሮጳ አቆጣጠር እንጽፋለን።

ነገሩን ከሩቅ አገር ከመጀመር ይልቅ ከኪራሙ እንጀምር። ኪራሙ በምሥራቅ ወለጋ፣ ከዓባይ ወዲህ ከጎጃም ፊት ለፊት የምትገኝ የገበሬ አገር ናት። ከእርስዋ በስተ ምሥራቅ በሆሮ ጉድሩ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ይገኛል፤ በስተ ደቡብም ከነቀምቴ ወዲያ በደዴሳ ሸለቆ የአርጆ ደዴሳ ስኳር ፋብሪካ ተተክሏል። እንግዲህ ኪራሙ የሁለት ስኳር ፋብሪካ ጎረቤት ናት ማለት ነው። ይሁን እንጂ በኪራሙ ውሃ የሚቀዳበት ቢጫ ጀሪካን ወይ ዘይት ተሞልቶበት ከውጭ የመጣ ነው፤ ወይም ጥሬ ዕቃው ከባሕር ማዶ በመርከብ ተጭኖ፣ በጂቡቲ ወደብ ተራግፎ፣ በአገር ውስጥ ፋብሪካ ቀልጦ የተሠራ ነው። ጥሬ ዕቃው ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ የሚወጣ ሲሆን፣ የሚገዛውም ቡናችንን ሸጠን ባገኘነው የውጭ ምንዛሪ ነው። በኬሚስትሪ ሕግ ከሄድን ግን የጀሪካኑ ጥሬ ዕቃ በጎረቤት ሸለቆ ከሚበቅለው አገዳ ሊወጣ ይችላል። መቻሉ አንድ ነገር ነው፤ ማዋጣቱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

በአንድ ቶን አገዳ ውስጥ ያለው

አንድ ቶን፣ ማለት 10 ኩንታል አገዳ ወደ ፋብሪካ ሲገባ፣ ሥራው በደኅና ከተካሄደ 1 ኩንታል ያህል ስኳር ይገኝበታል። ከዚያም ስኳሩ ተጣርቶ ሲያልቅ እንደ ማር የወፈረና የጠቆረ ፈሳሽ ይቀራል፤ ይህም ሞላሰስ የሚባለው ሲሆን ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይሆናል። ሞላሰስ ውስጥ ከክብደቱ ግማሽ የሚያህል ስኳር አለ፤ ነገር ግን ቆሻሻው ስለ በዛ ተጣርቶ ለሻይ የሚሆን ስኳር ከርሱ ማውጣት አያዋጣም። ሦስተኛው ምጣጩ ነው፤ በፋብሪካው ቋንቋ ባጋስ ይባላል። ይህም እርጥበቱን እንደያዘ እስከ 3 ኩንታል ይመዝናል። ፋብሪካው ባጋሱን በማሞቂያው ውስጥ እያነደደ እንፋሎትና ኤሌክትሪክ ያወጣበታል። ስለዚህ ከአገዳው የሚጣል ነገር አለ ከማለት ይልቅ፣ ባነሰ ዋጋ የሚሠራበት ነገር አለ ማለት ይሻላል።

የአገራችን የስኳር ሥራ እንዴት ወደዚህ እንደ ደረሰ በአጭሩ እናስታውስ። በ1943 ዓ.ም. መንግሥት በኢንዶኔዥያ የእርሻ ሥራ ከነበረው ኤች.ቪ.ኤ. ከተባለው የሆላንድ ኩባንያ ጋር ተዋዋለ፤ የወንጂ ስኳር ፋብሪካም በ1946 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። በ1955 ዓ.ም. የሸዋ፣ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ የመተሐራ ፋብሪካ ተከተሉ። በዚያ ዘመን ከስኳሩ ወዲያ የሚታሰበው ነገር ደስታ ከሚባለው ከረሜላ ብዙ አያልፍም ነበር። በ1991 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የፊንጫ ፋብሪካ ግን ከሞላሰስ አልኮል የሚያወጣ ክፍል ተጨምሮለት ስለ ተሠራ፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። የአልኮሉ ክፍል በመጀመሪያ ሲተከል አቅሙ በዓመት 8 ሚሊዮን ሊትር ያህል ነበር። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 5 በመቶ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. መጠኑ ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ፤ በዚያው ጊዜ ገደማ የመተሐራ ፋብሪካም የራሱን አልኮል ማውጣት ጀመረ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ ደግሞ አልኮል ለእጅ ማጽጃ ምን ያህል እንደ ተፈለገ ማንም አይዘነጋውም። እንግዲህ ወለጋ ከስኳር ወደ ኬሚካል የሚወስደውን መንገድ ከጀመረች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ የቀረው ቀጣዩን እርምጃ መምረጥ ነው።

አንድ ሊጥ፣ ብዙ ምግብ

አንዲት እናት ካቦካችው ሊጥ እንጀራም፣ ቂጣም፣ አነባበሮም ሊወጣ ይችላል። በኬሚካል ሥራም እንደዚሁ ብዙ ነገር የሚወጣባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። እነዚህን መነሻ ኬሚካሎች እንበላቸው። እስከ ዛሬ የዓለም መነሻ ኬሚካሎች አብዛኛዎቹ ከነዳጅ ዘይት ሲወጡ ቆይተዋል። ነዳጅ ዘይት ግን አንድ ጊዜ ከጕድጓዱ ከወጣ አይተካም፤ ሲቃጠልም ጢሱ አየሩን ያሞቃል። አገዳ በየጊዜው እየበቀለ ይተካል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር በ2004 ዓ.ም. ሊቃውንቱን አስመርምሮ፣ ከስኳርና ከመሳሰለው ሊወጡ የሚችሉ 12 ዋና ዋና መነሻ ኬሚካሎችን ለይቶ አስታወቀ።

ሐሳቡ አዲስ ቢመስልም ሥራው ግን የቆየ ነው። ለስላሳ መጠጥ የሚጐመዝዝበት ሲትሪክ አሲድ ቀድሞ የሚገኘው ከኢጣሊያ ሎሚ ነበር። በ1917 ዓ.ም. ጄምስ ከሪ የተባለ አሜሪካዊ የምግብ ኬሚስት፣ አንድ ጥቁር ሻጋታ ስኳር ሲበላ ሲትሪክ አሲድ በብዛት እንደሚያወጣ አስረዳ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፋይዘር የተባለው ኩባንያ በብሩክሊን ፋብሪካ አቋቁሞ በዚህ መንገድ መሥራት ጀመረ። ከዚያ ወዲያ የዓለም ሲትሪክ አሲድ ከሎሚ ዛፍ ወደ ስኳርና ወደ ሞላሰስ ጋን ተዛወረ።

እኛም በየቤታችን ይህንኑ ጥበብ እንሠራበታለን። ጠጅ የሚጣለው እርሾው የማሩን ስኳር ወደ አልኮል ስለሚለውጠው ነው። እርጎ የሚጐመዝዘው ደግሞ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን የወተቱን ስኳር በልተው ላክቲክ አሲድ ስለሚያወጡ ነው። እንግዲህ የስኳር ፋብሪካ በሞላሰሱ ላይ የጠጁን መንገድ ሊከተል ይችላል፤ የእርጎውንም መንገድ ሊከተል ይችላል። ሁለቱን በሂሳብ እናወዳድራቸው።

የጠጅ መንገድና የእርጎ መንገድ

በጠጁ መንገድ 180 ኪሎ ስኳር ሙሉ በሙሉ ቢቦካ 92 ኪሎ አልኮል ይወጣል፤ የቀረው 88 ኪሎ አረፋ ሆኖ የሚወጣው ጋዝ ነው። ማለት ከስኳሩ ግማሽ የሚያህለው ወደ አየር ይበናል። ከአንድ ኩንታል ሞላሰስ 25 ሊትር ያህል አልኮል ይገኛል። አልኮሉ በእንፋሎት መልክ በጋለ አሉሚና ላይ ሲያልፍ ውሃው ይለየውና ኤቲሊን የሚባለው ጋዝ ይሆናል፤ ኤቲሊንም ጀሪካንና ፌስታል የሚሠሩበት የፖሊኤቲሊን መነሻ ነው። ከኩንታሉ ሞላሰስ በመጨረሻ የሚገኘው ኤቲሊን 11 ኪሎ ያህል ይሆናል።

ብራዚል ይህን በሰፊው ትሠራበታለች። ብራስከም የተባለው ኩባንያ በሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል በትሪዩንፎ ከተማ በ2010 ዓ.ም. ከአገዳ አልኮል በዓመት 200,000 ቶን ኤቲሊን የሚያወጣ ፋብሪካ ከፈተ። በሕንድም ኢንዲያ ግላይኮልስ የተባለው ኩባንያ በካሺፑር ከሞላሰስ አልኮል ተነሥቶ ለፖሊስተር ጨርቅ የሚሆን ግላይኮል ሲሠራ ብዙ ዓመት ሆኖታል። አሁን የእኛን እንይ። የአርጆ ደዴሳ ፋብሪካ የታቀደው በቀን 8,000 ቶን አገዳ እንዲፈጭ ነው። በሙሉ አቅሙ ሠርቶ ሞላሰሱን ሁሉ ለዚህ ቢያውለው፣ በቀን 2,800 ኩንታል ያህል ሞላሰስ፣ ከዚያም 70,000 ሊትር አልኮል፣ በመጨረሻም 32 ቶን ያህል ኤቲሊን ይሆናል። በዓመት 200 ቀን ቢሠራ 6,400 ቶን ማለት ነው። ይህ ከብራዚሉ ፋብሪካ ሠላሳ አንደኛው ነው። የኤቲሊን ሥራ ደግሞ የሚያዋጣው በብዛት ሲሠራ ነው። ስለዚህ የኪራሙ ጀሪካን በቶሎ ከደዴሳ አገዳ ይወጣል ብሎ ተስፋ መስጠት ሂሳቡን አለማየት ይሆናል።

የእርጎው መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። 180 ኪሎ ስኳር ሙሉ በሙሉ ወደ ላክቲክ አሲድ ቢለወጥ 180 ኪሎ አሲድ ይወጣል፤ ወደ አየር የሚበን ነገር የለም። በተግባር ጥቂት ቢጐድልም፣ 50 ኪሎ ስኳር ካለው ኩንታል ሞላሰስ ከ40 ኪሎ በላይ ላክቲክ አሲድ ለማግኘት ይቻላል። በላይ በጠቀስነው ሂሳብ ፋብሪካው በቀን ከ110 ቶን በላይ፣ በ200 ቀንም ከ22,000 ቶን በላይ ያወጣል ማለት ነው። በታይላንድ ራዮንግ በ2018 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ፋብሪካ ከአገዳ ስኳር በተገኘ ላክቲክ አሲድ በዓመት 75,000 ቶን ፖሊላክቲክ የተባለ ፕላስቲክ ለማውጣት የተሠራ ነው። የእኛ ሂሳብ ከዚህ ጋር ሲወዳደር ያነሰ ቢሆንም፣ የሚያሳፍር ግን አይደለም።

ከዚህም በቀር ላክቲክ አሲድ ፕላስቲክ እስኪሆን ድረስ ገበያ አያጣም። በቆዳ ፋብሪካ ቆዳው በኖራ ከተነከረ በኋላ ኖራውን ለማስለቀቅ ያገለግላል፤ ምግብ እንዳይበላሽም ይጨመራል፤ በመድኃኒት ሥራም ይፈለጋል። በአገራችን የቆዳ ፋብሪካዎች ያሉ በመሆናቸው ገዢው በደጃችን ነው ማለት ይቻላል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ የፕላስቲክ ከረጢቶችን የሚከለክል አዋጅ ማጽደቁም ሌላ ዓይነት ዕቃ እንዲፈለግ ያደርጋል። በዚህ ላይ ግን አንድ ስሕተት እንዳይደርስ እናስጠነቅቃለን። ከአገዳ የወጣ ፖሊኤቲሊን ከነዳጅ ከወጣው ጋር በባሕርዩ አንድ ስለሆነ በሜዳ ላይ ቢጣል አይበሰብስም። ፖሊላክቲክም ቢሆን ቶሎ የሚበሰብሰው በጋለ የብስባሽ ክምር ውስጥ ነው እንጂ በቦይ ውስጥ አይደለም።

ችግሩስ ምንድን ነው?

አንደኛው ችግር ንጽሕና ነው። እርጎ በጣም ሲጐመዝዝ አጐምዛዦቹ ተሐዋስያን ራሳቸው በአሲዱ ይደክማሉ። ስለዚህ በጋኑ ውስጥ ኖራ እየተጨመረ አሲዱ ይበርዳል፤ በኋላም በሰልፈሪክ አሲድ ይለያል። በዚህ ጊዜ ከአንድ ቶን ላክቲክ አሲድ ጋር አንድ ቶን የሚጠጋ ጂፕሰም አብሮ ይወጣል። ለሲሚንቶ ፋብሪካ ካልተሸጠ ተራራ ሆኖ ይከመራል። ሞላሰስም ቆሻሻው ብዙ ስለሆነ ለፕላስቲክ የሚበቃ ንጹሕ አሲድ ማውጣት ብርቱ ሙያ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ችግር ገበያ ነው። በካናዳ ሳርንያ ባዮአምበር የተባለ ኩባንያ በ2015 ዓ.ም. ከስኳር ሰክሲኒክ አሲድ የሚያወጣ ትልቅ ፋብሪካ ከፍቶ ነበር። ነገር ግን ገበያው እንዳሰበው ሳይሆን ስለ ቀረ በ2018 ዓ.ም. ከሠረ። ኬሚስትሪው ትክክል ነበር፤ ገዢው ግን በቂ አልነበረም። ከ12ቱ ኬሚካሎች አንዱ መሆን ከኪሳራ አያድንም።

ሦስተኛው የሕዝብ ምግብ ነው። አገራችን ለዓመታት ስኳር ከውጭ ስታስገባ ቆይታለች። በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው የ5 ዓመት ዕቅድ 10 አዳዲስ የስኳር ፋብሪካዎች ይሠራሉ ተብሎ ነበር፤ ሥራው ግን በጊዜው አልተፈጸመም። ሰው ለሻዩ ስኳር ሲያጣ ስኳሩን ለፕላስቲክ ማዋል አይገባም። ስለዚህ የምንናገረው ስለ ሞላሰሱ ብቻ እንጂ ስለ ስኳሩ አለመሆኑ በግልጽ ይታወቅ። አዲስ የአገዳ እርሻ መክፈትም ቢሆን በጥንቃቄ የሚታይ ነገር ነው። በመተሐራ እርሻው ሲስፋፋ የከረዩ ከብት አርቢዎች የግጦሽ መሬታቸውን እንዳጡ የታወቀ ነው።

አራተኛው ውሃ ነው። አንድ ሊትር አልኮል ሲወጣ ከ10 እስከ 15 ሊትር የሚሆን ጥቁር አተላ ይቀራል። ይህ አተላ ወደ ወንዝ ቢለቀቅ የውሃውን አየር ያሳጣና ዓሣውን ይገድላል፤ የፊንጫ ወንዝ ደግሞ የሚገባው ወደ ዓባይ ነው። በብዛት ፖታሽ ስላለበት ግን በልክ ወደ እርሻ ቢመለስ ማዳበሪያ ይሆናል። ብራዚሎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

የኪራሙ ድርሻ

አንባቢ፣ ይህ ሁሉ ለኪራሙ ገበሬ ምን ይጠቅመዋል? ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የተቆረጠ አገዳ ውሎ ካደረ ጣፋጩ እየቀነሰ ስለሚሄድ ከሩቅ ተጭኖ ወደ ፋብሪካ አይሄድም። ስለዚህ የኪራሙ ገበሬ ለፊንጫ አገዳ ይሸጣል ማለት ዘበት ነው። ለኪራሙ የሚቀርበው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም የበቆሎው ቆረቆንዳ ነው። ከደረቅ ቆረቆንዳ ክብደት ሲሶ የሚያህለው፣ ሲፈላ ወደ ሌላ ዓይነት ስኳር የሚለወጥ ነገር ነው። ይህም ከአሲድና ከእንፋሎት ጋር ሲሠራ ፉርፉራል የሚባለውን መነሻ ኬሚካል ይሰጣል። ፉርፉራል የማሽን ዘይት ለማጣራትና በብረት ማቅለጫ ቤት የአሸዋውን ቅርጽ የሚያያይዘውን ሙጫ ለመሥራት ያገለግላል። በደቡብ አፍሪካ በሴዜላ ከአገዳ ምጣጭ ያወጡታል፤ በዓለም ብዙውን የምታወጣው ቻይና ግን የምትሠራው ከበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። ደረቅ ቆረቆንዳ እንደ አገዳ ቶሎ አይበላሽም፤ በጎተራ አጠገብ ተከምሮ ወራት ሊቆይ ይችላል። በቆላው የሚበቅለው ጥንቅሽም አገዳው ጣፋጭ ስለሆነ በሌላው ዓለም አልኮል ይወጣበታል።

ይሁን እንጂ ቆረቆንዳው ዛሬም ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ አይደለም። በገበሬው ቤት ምጣድ የሚሰማበት ማገዶ ነው። ያለ በቂ ዋጋ ከተወሰደ ሴቶች እንጨት ፍለጋ ወደ ጫካ ይሄዳሉ፤ ዛፉም ይቈረጣል። ቆረቆንዳ እንግዛ የሚል ሰው ቢመጣ፣ ዋጋውን ሲወስን የማገዶውንም ዋጋ ጨምሮ ማሰብ አለበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰላም ያስፈልጋል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በኪራሙና በአካባቢዋ ሰላም ታውኮ ብዙ ሰው እንደ ሞተና ብዙ ሰውም ከቀየው እንደ ተፈናቀለ የታወቀ ነው። ገበሬው በእርሻው ላይ ሳይኖር ስለ ቆረቆንዳ መናገር፣ መንገዱም ሳይከፈት ስለ ሞላሰስ ማውራት ከንቱ ነው።

እንግዲህ የእኛ አስተያየት ይህ ነው። ለወለጋ አሁን የሚያስፈልጋት ከባዶ ተነሥቶ ትልቅ የኬሚካል ከተማ መመሥረት አይደለም። በፊንጫና በደዴሳ ያሉት ፋብሪካዎች መጀመሪያ ስኳራቸውን በሙሉ አቅም እንዲያወጡ፣ ከዚያም በሞላሰሳቸው ላይ አንድ እርምጃ እንዲጨምሩ ነው። ያም እርምጃ ከኤቲሊን ይልቅ ላክቲክ አሲድ ቢሆን፣ ከፕላስቲክም በፊት ለቆዳ ፋብሪካ የሚበቃው ቢቀድም ይሻላል እንላለን። ምክንያቱም ከስኳሩ የሚጠፋው ያነሰ፣ ፋብሪካው ትንሽ ሆኖም የሚሠራ፣ ገዢውም በአገር ውስጥ ያለ በመሆኑ ነው።

ይህን የሚያጣራ ሰው ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ አይገባንም። የነቀምቴው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ለሁለቱም ፋብሪካዎች ሩቅ አይደለም። የኬሚስትሪ ተማሪ ከፊንጫ አንድ በርሜል ሞላሰስ አስመጥቶ ስንት ላክቲክ አሲድ እንደሚወጣው፣ ንጽሕናውም እስከ ምን እንደሚደርስ በቤተ ሙከራው ሊመዝን ይችላል። በንግድና በጉምሩክ መሥሪያ ቤት የሚሠራው ወጣት ደግሞ በየዓመቱ ስንት ኪሎ ላክቲክ አሲድ በስንት ዶላር ተገዝቶ እንደሚገባ ከመዝገቡ አውጥቶ ሊያስታውቅ ይችላል። በኪራሙ የተመደበው የእርሻ ባለሙያ አንድ ገበሬ በዓመት ስንት ኩንታል ቆረቆንዳ እንደሚያገኝና ስንቱን እንደሚያነድ ጠይቆ ይጻፍ። እነዚህ ሦስት ወረቀቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ የተገናኙ ዕለት፣ ሥራው ያዋጣል ወይም አያዋጣም ብሎ በእርግጠኝነት ለመናገር ይቻላል።